ክሬን ነጂው የደበቀው ደም

ሳይቱ ላይ ሁሉም «ላይኛው» ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ብቻ ናቸው ቢባል ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። አርባ ሜትር ከፍታ ላይ በተሰቀለች ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ክሬን ሲነዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ታች ያሉት አናጺዎች ጣውላው ሲዘገይባቸው «ምን እናድርግ፣ ላይኛው ሲፈቅድ ነው» ይባባላሉ። እሱም በሬዲዮው ይሰማቸውና «ጸሎታችሁ ደርሶኛል፤ ወረፋ ጠብቁ» ይላቸዋል።

ከፍታ አያስፈራውም። ሥራውን የጀመረው ሲሚንቶ ተሸካሚ ሆኖ ነው፤ አንድ ቀን ቀና ብሎ ክሬኑን ሲያይ እዚያ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ወገቡን እንደማያመው ተገለጠለትና ለምኖም ለፍቶም ሙያውን ተማረ። ንፋስ ሲነሳ ክፍሏ እንደ ጀልባ ትወዛወዛለች፤ እሱ ያፏጫል። የሚያስፈራው ሆስፒታል ነበር። አባቱ «ሆዴን አመመኝ» ብለው በእግራቸው ገብተው፣ በአሥራ አንደኛው ቀን በሰው ትከሻ ነው የወጡት። ምን እንደገደላቸው በቅጡ ያስረዳ ሰው አልነበረም። «አንጀቱ ነው» ተባለ፣ በቃ። እሱ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ የዚያ ኮሪደር ሽታ ግን እስከ ዛሬ ከአፍንጫው አልወጣም።

ስለዚህ መጀመሪያ ደም ያየ ዕለት ለማንም ትንፍሽ አላለም። ለራሱ «ኪንታሮት ነው» አለ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጣብቆ የሚውል ሰው ኪንታሮት ቢይዘው ምን ይገርማል? ከፋርማሲ ቅባት ገዛና መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከመፍቻዎቹ ስር ሸሸገው። ደሙ ግን ቅባት የሚያስቆመው ዓይነት አልሆነም። ከሰገራው ጋር ተቀላቅሎ ይመጣ ጀመር፤ ከሽንት ቤት ወጥቶ ገና እጁን ሳያደርቅ ያልጨረሰ ያህል ይሰማዋል። ቀስ በቀስ ወደ ታች ማየት ፈራ። ዐይኑን ጨፍኖ ውሃ መልቀቅ ለመደ።

ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ሠላሳ ሕፃን ፊት ቆማ ማን እንደዋሸ ከዐይኑ የምትለይ ሴት።

«ቀበቶህ ሁለት ቀዳዳ ገብቷል» አለችው አንድ ጠዋት።

«ስፖርት ነዋ። መሰላሉ ቀላል መሰለሽ?»

«መሰላሉን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጥተኸዋል። ዛሬ ነው የሚያከሳህ?»

ጫማውን አስሮ ወጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት ወር አለፈ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ እስር ፌሮ አንስቶ ስድስተኛው ፎቅ አናት ላይ ሲያደርስ ዓለም ዳር ዳሯ ጠቆረችበት። መጀመሪያ ደመና መስሎት ነበር። ከዚያ ጆሮው ጭው አለ፤ እጀታውን የያዙት ጣቶቹ የሌላ ሰው መሰሉት። ታች ሆኖ ምልክት የሚሰጠውና በሬዲዮ የሚያናግረው ለአሥራ አንድ ዓመት አብሮት የሠራ ጓደኛው ነው። ጥርሱ መሀል ባለው ክፍተት እያፏጨ ስለሚያወራ «ፉጨት» ይሉታል።

«ፉጨት... ዐይኔ ጨለመብኝ።»

ከዚያ የፉጨት ድምፅ ሳይቸኩል፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ሆኖ መጣ። «እጅህን አታንቀሳቅስ። ምንም አትንካ። ሰዎቹን ላስወጣልህ ነው።» ከሥር ሩጫና ጩኸት ተሰማ። «እሺ። አሁን ወደ ግራ፣ በጣም በቀስታ። እኔ እያየሁልህ ነው፤ አንተ ማየት የለብህም። ትንሽ ጨምር። በቃ! አውርድ... አውርድ... አውርድ...»

ፌሮው መሬት ሲነካ የተሰማውን ኳኳታ ላይኛው አልሰማውም። ራሱን ሲያውቅ ፉጨት ክፍሏ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ይኼ ሰው በዕድሜው ከመሰላሉ ሁለተኛ ማረፊያ በላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ከፍታ ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል። ወንበሩን አየና ዐይኑ እዚያው ቀረ።

«ይኼ ደም ምንድን ነው?»

«ኪንታሮት ነው።»

«ኪንታሮት ሰው አይጥልም! ዐይኔ እያየ ልትሞትብኝ ነው እንዴ?» አለና ተንሰቅስቆ አለቀሰ። የሚያለቅሰው ለጓደኛው ይሁን ወይስ አሁን እንዴት እንደሚወርድ ጨንቆት ኋላም አልተጣራም። ሁለቱም በወገብ መታጠቂያ ታስረው፣ አንዱ አንዱን እየጠበቀ ወረዱ።

በዚያው ቀን ሆስፒታል ገባ። ደም ተሰጠው፣ ተመረመረ፣ በኋላም በፊንጢጣው በኩል ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ገባ። ውርደት ይገድለኛል ብሎ ነበር፤ ሆኖም ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ የተበላሸ ጄኔሬተር እንደሚያዩ መካኒኮች ረጋ ብለው ሥራቸውን ሲሠሩ ሲያይ ኀፍረቱ ለቀቀው። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀውም። ቱቦውን የያዘው ሐኪም እስከዚያ ድረስ ስለ እግር ኳስ ያወራ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ወሬውን አቋረጠ። ላይኛው ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ነገር ረስቷል፤ ያቺን ዝምታ ግን አልረሳትም።

ከሳምንት በኋላ ቀዶ ሐኪሟ እሱንና ሚስቱን ጠራቻቸው። አጭር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት።

«ከፊንጢጣዎ ትንሽ ከፍ ብሎ ዕጢ አለ» አለችው። «ናሙናው ካንሰር መሆኑን አሳይቷል። ወደ ጉበትም ወደ ሳንባም አልሄደም። ስለዚህ የምንሠራው ለማዳን ነው።»

እሱ «ካንሰር» ከሚለው በኋላ ያለውን አልሰማም። አፏ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ድምፁ ግን እዚያ የልጅነቱ ኮሪደር ውስጥ ገብቶ ቀረ። የአባቱን እግሮች አየ፤ ከአንሶላው ወጣ ብለው፣ ካልሲ ሳይኖራቸው። ሚስቱ የተማሪዎቿን የሥዕል ደብተር አውጥታ፣ ከአንድ ቢጫ ዳክዬ ጎን፣ ሐኪሟ የምትለውን ሁሉ ትጽፋለች። ቤት ሲገቡ ግን መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ ቆልፋ ቧንቧውን ከፈተች፤ እሱም በሩ ላይ ቆሞ ከውሃው ድምፅ ስር ያለውን ሌላ ድምፅ ሰማ።

አምስት ሳምንት ተኩል በየቀኑ ጨረር ወሰደ፤ አብሮም የኬሞ እንክብል ዋጠ። ሁለት ወር ካረፈ በኋላ ዕጢው በግማሽ ቀንሶ ተገኘ። አልጠፋም። ሐኪሟ ወረቀት ላይ አንጀቱን ሣለችለት።

«ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዕጢውን ከነፊንጢጣው አውጥቶ ሆድዎ ላይ ለዘለቄታው የሰገራ ከረጢት ማድረግ ነው። ሁለተኛው የታመመውን ቆርጠን ጤነኛውን ጫፍ ወደ ታች ስበን መስፋት ነው። ካንሰሩን ለማውጣት ለእርስዎ ሁለቱም ይሆናሉ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው።»

«ከተሰፋማ እንደ ድሮዬ እሆናለሁ አይደል?»

«አይሆኑም» አለችው፤ አላባበለችውም። «የምንቆርጠው ሰገራ የሚጠራቀምበትን ቦታ ነው። ማጠራቀሚያው ሲወጣ አንጀት እንደ ድሮው አይታዘዝም። ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ሲመጣም ጊዜ አይሰጥም። ብዙዎቹ ከጊዜ ጋር ይሻላቸዋል፤ አንዳንዶቹ ግን ለዓመታት ይቸገራሉ።»

«ዶክተር፣ እኔ ከወንበሬ ተነስቼ መሬት ለመርገጥ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጅብኛል።»

ብዕሯን አስቀመጠች። ይህን ያሰበችበት አትመስልም ነበር። «ሦስት ቀን ያስቡበት» አለችው በመጨረሻ። «የሚያስቡት ግን ስለ ሥራዎ ብቻ እንዳይሆን።»

ሦስቱንም ቀን ያሰበው ስለ ሥራው ነበር። ከረጢቱን ባሰበው ቁጥር መሰላል ላይ ተቀድዶ ያየዋል፤ መስፋቱን ባሰበው ቁጥር ደግሞ ራሱን አርባ ሜትር ላይ ታፍኖ ያየዋል። «አንቺ ምን ትያለሽ?» ብሎ ሚስቱን ሲጠይቃት «እኔ የምለው ኑርልኝ ነው፤ ሌላውን አንተ ምረጥ» አለችው። መስፋቱን መረጠ። ልቡ ቆርጦ አይደለም፤ ሌላኛውን ይበልጥ ስለፈራ ነው።

የቀዶ ሕክምናው ጠዋት፣ በተሽከርካሪ አልጋ ሲገፋ ጣሪያው ላይ ያሉትን አምፖሎች ቆጠረ። አሥራ ሰባት ነበሩ፤ አንዱ ተቃጥሏል። ማደንዘዣ ሰጪው «ምን ያስባሉ?» ሲለው «ያቺን አምፖል ቀይሯት» ሊል ፈልጎ ምላሱ ተሳሰረ። ተኝቶ የማይነቃ መሰለው፤ ሲነቃም መጀመሪያ ያደረገው ሆዱን መዳበስ ነበር። በቀኝ በኩል ከረጢት ተለጥፎበታል። ስፌቱ እስኪድን ለሦስት ወር ብቻ መሆኑ ተነግሮት ነበር፤ እጁ ሲነካው ግን «ዋሹኝ» ብሎ ጮኸ። ነርሷ አልተቆጣችም። «ጊዜያዊው ነው ጋሼ፤ ጊዜያዊው ነው» እያለች እጁን ይዛ ቆየች።

በዚያ ሰሞን ነው ሐኪሟ ስለ ታናሽ ወንድሙ ያነሳችው። አባታቸው በአንጀት ሕመም ከሞቱና እሱም ከታመመ ወንድሙ መመርመር አለበት። ወንድሙ ልብስ ሰፊ ነው፤ «ምንም አላመመኝም፤ ደህናውን ሰው ለምን ትቀሰቅሱታላችሁ?» ብሎ ሁለት ቀጠሮ አሳለፈ። ላይኛው ከረጢቱን እንዳንጠለጠለ ወንድሙ ሱቅ ሄደና ደንበኞች ፊት ሸሚዙን ገለጠ። «ይኸውልህ። እኔ ሰባት ወር ቅባት ስቀባ ነው እዚህ የደረስኩት። አሁን መቀስህን አስቀምጥ።» ወንድሙ ተመረመረ፤ የአተር ፍሬ የምታክል ትርፍ ሥጋ ተገኘችበትና ካንሰር ሳትሆን በዚያው በቱቦው ወጣች። ላይኛው ያን ዕለት ከምርመራ ክፍሉ ውጭ ሆኖ ሲጠብቅ የተሰማው ፍርሃት ከራሱ ሕመም የባሰ ነበር።

ከረጢቱ ወጣ፣ ሰገራውም ተመልሶ በተሰፋው አንጀት ያልፍ ጀመር፤ ሐኪሟ የተናገረችውም ሁሉ ደረሰ። መጀመሪያው ሳምንት ላይ በቀን አሥራ ስድስት ጊዜ ሽንት ቤት ሄደ። ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ጨረስኩ ብሎ ሱሪውን ሲታጠቅ እንደገና ይመጣል። ጋዝ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አቃተው። አንድ ቀን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ ሰገራው አመለጠው፤ ጃኬቱን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ታክኮ አርባ ደቂቃ በእግሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ከቤት መውጣት ፈራ። መውጣት ግድ ሲሆን ከጠዋት ጀምሮ ምግብ አይቀምስም፤ የሚሄድበት መንገድ ላይ የት የት መጸዳጃ እንዳለ በቃሉ ያውቃል። ፉጨት ሊጠይቀው ሲመጣ «ተሽሎኛል፣ ወደ ሥራ ልመለስ ነው» ይለዋል፤ ፉጨት ከሄደ በኋላ ሶፋው ላይ ፎጣ አንጥፎ ይቀመጣል።

ሆስፒታሉ ውስጥ ስለዚሁ ጉዳይ ጥናት ይካሄድ ነበር። አንጀታቸው ተቆርጦ የተሰፋ ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ ይጠየቃሉ፤ ከዚያ የተቸገሩት በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን የተለመደውን ምክርና መድኃኒት ይወስዳል፤ ሌላኛው በዚያ ላይ አንጀቱን ቤቱ ሆኖ በለብ ያለ ውሃ ማጠብ ይማራል። ጥናቱን የምትመራው ነርስ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚሏት፣ መጠይቁን ሰጠችው። በሳምንት ውስጥ ጋዝ መቆጣጠር ያቅትዎታል? ፈሳሽ ሰገራ ያመልጥዎታል? እየሮጡ ሽንት ቤት መድረስ ያስፈልግዎታል? ብዕሩን ይዞ ላበው። ይህ ወረቀት መሥሪያ ቤቱ እጅ ቢገባ ክሬኑን መቼም እንደማይሰጡት ታየው። ሁሉም ላይ «በጭራሽ» የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረገ።

ሲስተር አነበበችው። አጣጥፋ ግን አላስቀመጠችውም።

«ጋሼ፣ እዚህ ከመጡ አንድ ሰዓት አልሞላዎትም። ሦስት ጊዜ ተነስተዋል። ቅጹ ላይ በቀን አንዴ ብለዋል።»

«መሥሪያ ቤቴ ቢያየውስ?» አላት ወለል ወለሉን እያየ።

«ወረቀቱ ወደ መሥሪያ ቤትዎ አይሄድም። ስምዎ እንኳ የለበትም፤ ቁጥር ነው። ግን እርስዎ ደህና ነኝ ካሉኝ፣ እኔ ለሚቀጥለው ሰው ‹ደህና ነው የሚሆኑት› ብዬ ልነግረው ነው። እሱ ቤቱ ሲገባ ምን ይውጠው?»

አባቱ ሲሞቱ ያላለቀሰ ሰው፣ ካንሰር ሲባል ያላለቀሰ ሰው፣ አንድ ወረቀት ፊት አለቀሰ። «አዲስ ቅጽ ስጪኝ» አላት። በሁለተኛው ላይ እውነቱን ጻፈ፤ ቦታ ሲያንሰው ጀርባው ላይ ስለ አውቶቡስ ፌርማታው ጨመረ።

ዕጣው ውሃው ላይ ጣለው። ደስ አላለውም፤ ፈራ። ገና አምና የተሰፋ አንጀት ውስጥ በቱቦ ውሃ ማስገባት? «ቢቀደድስ?» አላት ሲስተርን። ስፌቱ መዳኑን ሐኪሟ አይታ እንዳረጋገጠች፣ ውሃውም በቀስታ እንደሚገባ፣ ካመመው ወዲያው እንደሚያቆም ደጋግማ አስረዳችው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሚስቱ ከበሩ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጣ በየደቂቃው «አለህ?» ትለዋለች። «አለሁ።» «አሁንስ?» «አለሁ አልኩሽ እኮ፤ ስም መጥሪያው ላይ ልፈርምልሽ?» የወገብ ስር ጡንቻውን ማጥበቅና ማላላትም ተማረ፤ ቴሌቪዥን እያየ፣ ጥርስ እየፋቀ። በሁለተኛው ወር ከታጠበ በኋላ አምስትና ስድስት ሰዓት ያለ ሥጋት መቆየት ቻለ። ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንድ ቀን አንጀቱ ያምፃል፤ ያን ቀን ቤቱ ይውላል።

መሥሪያ ቤቱ ለጊዜው ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጠው። ብሎን እየቆጠረ ስምንት ወር ከረመ። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም ዘንድ ራሱ ሄዶ፣ ሳይጠየቅ፣ ሁሉንም ነገር ነገረው፤ በሐኪሙም ፈቃድ ከረፋድ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ክሬኑን እንዲነዳ ተስማሙ። በተመለሰ ቀን መሰላሉን እየወጣ በየማረፊያው ቆመ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች አይቶ ራሱን አዞረው። እላይ ደርሶ ባዶ መንጠቆ እያዞረ ሳለ ሆዱ ጉር ጉር አለ። አሥራ ሁለት ደቂቃ። ፌርማታው ታየው፤ ጃኬቱ ታየው።

«ምን ሆንክ? ለምን ቆምክ?» አለ ፉጨት በሬዲዮ።

ላይኛው ትንፋሹን ውጦ፣ ጡንቻውን አጥብቆ፣ እንደተማረው እስከ ሠላሳ ቆጠረ። አለፈ።

«ጋዝ ነበር» አለ።

ሬዲዮው ክፍት መሆኑን ያስታወሰው ኋላ ነው። ሳይቱ በሙሉ በሳቅ አውካካ። እሱም ሳቀ።

ቀዶ ሕክምናው ሁለት ዓመት በሞላው ሰሞን የክትትል ሲቲ ስካን ተነሳ። ሰዎች ጊዜ ሲሄድ ፍርሃት ይቀንሳል ይሉታል፤ የእሱ አልቀነሰም፣ በቀጠሮ መምጣት ብቻ ጀመረ። ስካኑ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ይጀምረዋል፤ እህል አፉ አልገባ ይለዋል፤ ሚስቱን በትንሽ በትልቁ ይቆጣታል፤ ሌሊት የአባቱን እግሮች ያያል። ውጤቱን ከሚስቱ ጋር የሚሰሙ ዕለት ተጨንቆ አንጀቱን ሳያጥብ ወጣ።

ሐኪሟ ምስሉን ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተች፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ገፋችው። «እንግዲህ...» አለች።

በዚያችው ቅጽበት ሆዱ ተገለበጠ። «ይቅርታ ዶክተር፣ አልቻልኩም» ብሎ ወንበሩን ገልብጦ ሮጠ። ኮሪደሩን በስድስት እርምጃ ጨረሰው። ደረሰ። በሩን ቆልፎ ተቀምጦ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ሐኪሟ አሁን ለሚስቱ የምትናገረውን አንድ በአንድ ገመተ። ጉበት። ሳንባ። አዝናለሁ።

የሴት ጫማ እየሮጠ መጣና በሩ ተደበደበ።

«ንጹሕ ነው!» አለች ሚስቱ፤ ወረፋ የያዙት ሰዎች ሁሉ እየሰሙ። «ሰማኸኝ? ንጹሕ ነው፣ ምንም የለም!»

እሱም በሩን ከውስጥ ሁለት ጊዜ መታላት።

«ጨርሰሃል?» አለችው፣ አሁን ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ገና ነኝ» አላት። «የሚቀጥለው መቼ ነው አለች?»

«ከስድስት ወር በኋላ።»

ስድስቱን ወር በጣቱ ቆጠረ። ሚስቱ በሩን ተደግፋ ጠበቀችው።